ዓሣው የሚወለደው ወንዝ ውስጥ ነው፣ ጥበቃው ግን ሐይቁ ላይ ቀርቷል

ይድረስ፦ በክልሉ የዓሣ ሀብትን፣ መስኖንና የአካባቢ ጥበቃን ለምትመሩ የሥራ ኃላፊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የጣና ነጭ ዓሣ ስለሚራባባቸው ወንዞች

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

እኛ በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ጉማራና ርብ ወደ ሐይቁ በሚገቡበት አካባቢ የምንሠራ ዓሣ አስጋሪዎች ነን። በማኅበር ተደራጅተናል። አንዳንዶቻችን የሞተር ጀልባ አለን። ሌሎቻችን እስከ ዛሬ በደንገል ታንኳ ነው የምንወጣው።

ዘንድሮ ክረምት ሲገባ አንድ ደብዳቤ ደረሰን። ዓሣ የሚራባበት ወቅት ስለሆነ ማኅበራት መረባቸውን ከውሃ እንዲያወጡ የሚያዝ ነው። አወጣን። የተከራከረ የለም። ዓሣው ሲጠፋ መጀመሪያ የሚራበው የእኛ ቤት ስለሆነ፣ እንዲያርፍ ከእኛ በላይ የሚፈልግ አይኖርም።

ቅሬታችን በክልከላው ላይ አይደለም። ክልከላው እኛ ጋ ብቻ መድረሱ ነው። እኛ መረብ ሰቅለን ቤት በተቀመጥንባቸው ሳምንታት ማኅበርም ፈቃድም የሌለው ሰው ወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ ያድር ነበር። ስልክ ደወልን። «ለሚመለከተው አካል አሳውቀናል» ተባልን። በአካል ሄድን። የሚመለከተው አካል ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። በኋላ መስከረም ጠባ፣ ዓሣው አለቀ፣ ነገሩም በዚያው ቀረ።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍነው ለዚህ ነው። ሕዝብም ቢያነበው ደስ ይለናል። ስለዚህ ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ሰፋ አድርገን እናስረዳ።

ከጣና ወጥቶ ገበያ የሚደርሰው ዓሣ በዋናነት ሦስት ዓይነት ነው፦ ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ቀረሶና አምባዛ ሌላ ቦታም ሞልተዋል፤ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆችም በሌሎች የአፍሪካ ውሃዎችም ይገኛሉ። ነጭ ዓሣ ግን አንድ ዓሣ አይደለም። አጥኚዎች 15 ያህል ዝርያዎች ለይተውበታል፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ከሐይቁ መውጫ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረድ ብሎ የጢስ አባይ ፏፏቴ አለ። 40 ሜትር ያህል የሚወርደውን ያንን ውሃ ዘልሎ የሚመጣ ዓሣ የለም። የእኛዎቹ ከገደሉ በላይ ለብቻቸው ቀርተው፣ ለብቻቸው ተለያዩ።

ልዩነታቸውን ለማየት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። የአንዱ ከንፈር ወፍራምና የተንጠለጠለ ነው። ሌላው ዓይኑ ትልቅ ነው። አፈ ሰፊው አለ፣ አፍንጫው የሾለው አለ፣ ጀርባው ጎበጥ ያለው አለ። ከ15ቱ ስምንቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ ናቸው። መንጋጋቸው ላይ አንድ ጥርስ እንኳ ሳይኖር ማለት ነው! የሚያደቅቁት ጉሮሯቸው ውስጥ ባለ ጥርስ ነው። በእነሱ ወገን አዳኝ ብርቅ ነው፣ እዚህ ግን ከግማሽ በላይ ሆኑ። የውጭ አገር ተመራማሪ ለዚህ ሲል ውቅያኖስ አቋርጦ ይመጣል። እኛ ጋ ግን ሁሉም በኪሎ ይመዘናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቀረሶ የሚራባው እዚያው ሐይቁ ውስጥ፣ ዳር ዳሩን ነው። ዕንቁላሉን አፏ ውስጥ ይዛ ትጠብቃለች። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች ግን ሰባት ያህሉ ለመራባት ወንዝ መግባት አለባቸው። ክረምት ሲመጣ ከሐይቁ ተነስተው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ድርማ፣ አርኖ-ጋርኖና ግልገል አባይ አፍ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ሽቅብ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ንጹሕ፣ ፈጣንና ጠጠራማ ቦታ ነው። ዕንቁላሉ ጠጠር መሐል ይገባል፣ በጠጠሩ መሐል የሚያልፈው ውሃ አየር ያቀብለዋል። ጭቃ ከለበሰው ይታፈናል። ነገሩ ሁሉ በነሐሴና በመስከረም፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያልቃል። የዓመቱ ተስፋቸው ያቺ ብቻ ናት።

የወንዙ አፍ ላይ የሚሆነውን ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። ውሃው ድፍርስ ነው፣ ወተት የነካው ቡና ይመስላል። ዓሣው ጎርፉ ጋብ እስኪል ተሰብስቦ ይጠብቃል፣ ጋብ ሲል በመንጋ ይነሳል። መረቡ በዚያች ሰዓት ከዳር እስከ ዳር ከተዘረጋ የሚያመልጥ የለም። ጠዋት ሲጎተት የሴቶቹ ሆድ ተወጥሯል። ታንኳው ላይ ሲወረወሩ ዕንቁላሉ ይፈሳል፣ መርገጫ እስኪጠፋ ያንሸራትታል። ከዚያ ዳር ላይ ፊሌቶው ይወጣል፣ ሆድቃው ይጣላል፣ ዕንቁላሉን ወፍና ውሻ ይሻማበታል። የሚቀጥለው ዓመት ዓሣ ነበር እኮ የተደፋው።

ይህ የጀመረው ዛሬ አይደለም። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ሐይቁ ላይ የገቡት እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ነው። ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ተከታትለውታል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ብቻ ወንዝ የሚገባው ነጭ ዓሣ ጠቅላላ ክብደቱ በ75 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ፣ ጫጩቱ ደግሞ በ90 በመቶ እንደወረደ ጽፈዋል። ዋናው ምክንያት ብለው ያስቀመጡትም ይህንኑ ነው፤ የወንዝ አፍ ላይ ማስገር። ጥናቱ ከታተመ 20 ዓመት አልፎታል። መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አለ። ወንዙ አፍ ላይ ግን እስካሁን የቆመ ሰው የለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቅሬታችን ይህ ነው። ሕግ የለም እንዳይባል፣ ስለ ዓሣ ልማትና አጠቃቀም የወጣ አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ። ተቆጣጣሪ እንዲኖርም ይላል። በእኛ በኩል ግን በክረምት ሌሊት ወንዝ አፍ ላይ የሚያድር ተቆጣጣሪ አይተን አናውቅም። ባለሙያዎቹን አንወቅስም። ጀልባ የላቸውም፣ ነዳጅ የላቸውም፣ የውሎ አበልም ሲለቀቅ ነው። በዚህ ላይ ዝናቡ አለ። ታዲያ በምን ይቆጣጠሩ? የሚደርሱት ቀን ላይ ነው፤ የሚያገኙትም ስሙ መዝገብ ላይ ያለውን፣ አድራሻው የሚታወቀውን ሰው ነው። ያ ሰው እኛ ነን።

መረብም አለ። እንደ ላስቲክ የሚያንጸባርቀው ነጠላ ክር መረብ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ውሃ ውስጥ አይታይም፣ ዓይኑ ጠባብ ነው፣ ሲቀደድ እዚያው ይጣላል። የተጣለውም ዓሣ መያዙን አያቆምም። አስጋሪው ላይ ሲገኝ ይቃጠላል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ገበያ መሐል በአደባባይ ሲሸጥ ማን ጠየቀ? ሻጩ ሳይነካ ገዢው ብቻ የሚቀጣበት ነገር አልገባንም።

ሁለተኛው ብርብራ ነው። የብርብራ ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ላይ ሲበተን ዓሣው ይታፈንና ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ድሮም ነበረ። አሁን ግን የሚበተነው ዕንቁላል ሊጥል የወጣው ዓሣ ላይ ነው። ትልቁ ለገበያ ይለቀማል፣ ጫጩቱና ትሉ፣ ሌላው የወንዝ ነፍሳት ሁሉ እዚያው ይቀራል። አንድ ጊዜ ከላይ የተበተነ ብርብራ እኛ ጋ የደረሰው በሞተ ዓሣ ነው፤ ጣት የሚያህሉ ጫጩቶች ደለሉ ላይ ተነጥፈው አገኘን። ለሚመለከተው ክፍል ስንናገር «ይህ ከእኛ ወረዳ ክልል ውጭ ነው» የሚል መልስ ተሰጠን። እውነት ነው፣ ብርብራው የተበተነው ሌላ ወረዳ ነው። ዓሣው ግን የወረዳ ወሰን አያውቅም።

ሦስተኛው በጋ ላይ የሚሆነው ነው፣ እዚህ ላይ ጠንቀቅ ብለን መናገር እንፈልጋለን። ገበሬው ወንድማችን ነው። ግማሾቻችን ራሳችን ገበሬዎች ነን፣ የውሃ ሞተር ያለውም ከመሐላችን አለ። ሽንኩርትና ሩዝ ያለ ውሃ እንደማይሆን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን ክረምት የተፈለፈለው ጫጩት ሁሉ ወዲያው ሐይቅ አይወርድም። የተወሰነው በወንዙ ጥልቅ ኩሬዎች ውስጥ በጋውን ሊያሳልፍ ይቀራል። የካቲትና መጋቢት ላይ ጉማራ ሲሳሳ ሞተሮቹ የሚሰለፉት እነዚሁ ኩሬዎች ላይ ነው። ውሃው ተመጦ ሲያልቅ ልጆች ጫጩቱን በቅርጫት ያፍሱታል። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። የትኛው ኩሬ መቅረት እንዳለበት የነገራቸው ሰው ስለሌለ ነው። የመስኖ ባለሙያው የሚቆጥረው ሄክታር፣ የዓሣ ባለሙያው የሚቆጥረው ኩንታል። ሁለቱ አንድ ወንዝ ላይ እየሠሩ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አያውቁም፣ ቢያንስ እኛ ባለንበት።

አሸዋና ጠጠር ማውጣቱም እዚሁ ላይ ይደመራል። ገልባጭ መኪና ወንዝ ውስጥ ገብቶ የሚጭነው ጠጠር ዓሣው ዕንቁላል የሚጥልበት አልጋ ነው። የቀረውንም በጭቃ ያለብሰዋል። ይህ እንኳ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

አራተኛው ግድቦቹ ናቸው። ቆጋ ላይ ተገድቦ 7,000 ሄክታር ገደማ ይለማል። ርብ ተገድቧል። የመገጭም አለ። ግድብ አይሠራ አላልንም፣ አንልምም። የምንጠይቀው ሌላ ነው። የመስኖ ግድብ ውሃ የሚይዘው ክረምት ላይ ነው። ዓሣው ሙሉ ውሃ የሚፈልገውም በዚያው ወር ነው። ወንዙ ሲቀንስ ዓሣው የመውጣት ምልክቱ ይጠፋበታል፤ ወደ ላይ ቢወጣም ግድቡ ጋ ይቆማል። በነሐሴና በመስከረም ምን ያህል ውሃ ይለቀቃል? ዓሣ የሚያልፍበት መንገድ ታስቧል ወይ? አጥኚዎች ስለ ርብና ስለ መገጭ ግድቦች ገና ከጅምሩ ስጋታቸውን ጽፈው ነበር። ለእኛ የነገረን የለም፣ የጠየቀንም የለም። ስለ ካሳና ስለ መሬት ብዙ ስብሰባ ተደርጓል። ዓሣ ግን አጀንዳ ሆኖ አልሰማንም።

አምስተኛው መዝገባችሁ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ለእኛ ግን ከሁሉም የሚያሳስበን ይህ ነው። ወደብ ላይ የሚመዘነው ዓሣ የሚጻፈው በሦስት ዓምድ ነው፦ ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ። 15ቱ ዝርያዎች አንድ ዓምድ ውስጥ ናቸው። ነገ አፈ ሰፊው ወይም ከንፈረ ወፍራሙ ጨርሶ ቢጠፋ መዝገቡ ላይ ምንም አይታይም። የተረፉት ትንሽ በዛ ካሉ እንዲያውም «ምርት ጨምሯል» ተብሎ ሪፖርት ይደረጋል። ሽማግሌ አስጋሪዎቻችን ድሮ በየቀኑ ያዩት የነበረውን ዓሣ ዛሬ በዓመት አንዴ ሲያዩ ልጆቻቸውን ጠርተው ያሳያሉ። ይህ የትኛው ሪፖርት ላይ ገባ?

በዚያው ላይ ዓሣ ቀነሰ ሲባል የሚሰጠን መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ጫጩት እንለቃለን»። የሚለቀቀው የቀረሶ ጫጩት ነው። ቀረሶ መልካም ዓሣ ነው፣ ገበያም አለው። ግን የጠፋው እሱ አይደለም። ነጭ ዓሣ ከጠፋ ከየት አምጥታችሁ ትለቃላችሁ? ሌላ ቦታ የለም። ከውጭ ፈጥኖ የሚያድግ ዝርያ ይምጣ የሚል ሐሳብም አልፎ አልፎ እንሰማለን። ይህን የሚያስብ ሰው ካለ ስለ ላናኦ ያንብብ። ላናኦ ፊሊፒንስ ውስጥ ያለ ሐይቅ ነው። እንደ ጣና የራሱ ብቻ የሆኑ፣ ከእኛ ነጭ ዓሣ ጋር በሩቁ የሚዛመዱ ዓሦች ነበሩት። ከውጭ የገቡ ዓሦችና ልቅ የሆነ ማስገር ተደማምረው ፈጇቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት 15 ዝርያዎች ከምድር ገጽ መጥፋታቸውን አስታወቀ። ከላናኦ በኋላ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ስብስብ ሳይፈርስ የቀረበት ሐይቅ ጣና ብቻ ነው።

ስለ እምቦጭ ብዙ ተብሏልና አንደግመውም። እ.ኤ.አ. በ2011 ሐይቁ ላይ ከታየ ወዲህ ዘመቻ ተደርጓል፣ ማሽን መጥቷል፣ ሕዝብ ከየአቅጣጫው ተሰልፏል። እኛም ውሃ ውስጥ ገብተን ነቅለናል። እምቦጭ ከላይ ስለሚታይ ፎቶ ይነሳል። ዓሣ ከሥር ነው፣ ሲያልቅም ድምፅ የለውም። ሐይቁ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ምልክቱ መንገድ ዳር ተተክሏል፣ ወንዙ አፍ ላይ ግን አልደረሰም።

እንግዲህ ጥያቄዎቻችን እነዚህ ናቸው።

ከሁሉ በፊት፣ ከነሐሴ መጀመሪያ እስከ መስከረም መጨረሻ የወንዞቹ አፍ ለሁሉም ሰው ይዘጋ። ማኅበር ያለውም የሌለውም፣ በታንኳም በጀልባም። የተዘጋው ቦታ ከየት እስከ የት እንደሆነ በምልክት ይታይ። ሁሉንም ወንዝ በአንድ ጊዜ ማድረግ ካልተቻለ በጉማራ ይጀመር፣ ብዙ ዓሣ የሚገባው እዚያ ነው። በምላሹ መሐል ሐይቁ ላይ ቀረሶና አምባዛ ማስገር እንዲፈቀድልን እንጠይቃለን። ሙሉ በሙሉ አቁሙ ከተባልን ደግሞ የማኅበራት የብድር ክፍያ በእነዚያ ሁለት ወራት ይቁምልን። ቤታችን ምን ይብላ ብሎ ማሰብ የጥበቃው አንድ ክፍል ነው።

ጥበቃው የሌሊት ይሁን። ከእኛ መሐል ሰው እንሰጣለን። ወንዙን እናውቀዋለን፣ ሰዎቹንም እናውቃቸዋለን። ነገር ግን ያለ ሥልጣን ደብዳቤና ያለ ፖሊስ ልጆቻችንን ከታጠቀ ሰው ጋር አናጋፍጥም። ነዳጅና ጀልባ ከእናንተ፣ ሰው ከእኛ።

የተከለከለው መረብ ሱቅ ላይ ይያዝ። ብርብራን በተመለከተ ከላይኛው ተፋሰስ እስከ ሐይቁ ያሉ ወረዳዎች አንድ የጋራ ሰው ይመድቡ፣ ስልክ የሚያነሳ።

በጉማራና በርብ ላይ በበጋ ሞተር የማይነካቸው ኩሬዎች ይለዩ። የትኞቹ እንደሆኑ ከመስኖ ተጠቃሚ ማኅበራት ጋር ቁጭ ብለን እንነጋገር፣ ቦታዎቹን እናሳያለን። ብዙ አይደሉም። ዓሣው የሚራባባቸው ጠጠራማ ቦታዎች ላይ የአሸዋና የጠጠር ፈቃድ አይሰጥ፣ የተሰጠም ካለ ይመርመር።

ግድቦቹ በነሐሴና በመስከረም የሚለቁት የውሃ መጠን ለሕዝብ ይገለጽ። ለዓሣ መተላለፊያ የታሰበ ነገር ካለ ይነገረን። ከሌለም ይነገረን።

የምዝገባው ቅጽ ይቀየር። 15ቱንም መለየት ለመዝጋቢው ይከብዳል ካላችሁ፣ ቢያንስ ወንዝ የሚገቡትንና በቀላሉ የሚለዩትን በመጀመር ይቻላል። ከማኅበራችን ሁለት ሽማግሌዎች ከመዝጋቢው ጎን ይቀመጣሉ፣ አበልም አይጠይቁም። በመጨረሻም ከጣና ተፋሰስ ውጭ የመጣ ምንም ዓይነት ዓሣ ወደ ሐይቁም ወደ ወንዞቹም እንዳይለቀቅ በጽሑፍ ይከልከል።

መልሱን የሚቀጥለው ክረምት ከመግባቱ በፊት እንጠብቃለን። ለውይይት ብትጠሩን እንመጣለን። እዚህ ብትመጡ ደግሞ ይበልጥ ይሻላል። ነሐሴ ላይ ኑ፣ ማታ።

ከአክብሮት ጋር፣

በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚሠሩ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር አባላትን በመወከል
የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና የቁጥጥር ኮሚቴ

ግልባጭ፦
ለላይኛውና ለታችኛው ተፋሰስ ወረዳ አስተዳደሮች
በጉማራና በርብ ላይ ለሚገኙ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት
ስለ ጣና ዓሣ ለሚያጠኑ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተመራማሪዎች